የሁለት ጎረቤታሞች ወገብ

በናይሮቢ ከተማ፣ ቢያሻራ ስትሪት በሚባለው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች መንገድ፣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ። በዚህ አገር ባለ እጅ የሆነ ሁሉ ፈንዲ ይባላል፤ እኛ ግን ስለ ዕድሜያቸው ምዜ እያልን እንጠራቸዋለን፤ በስዋሂሊ ቋንቋ ታላቅ ሰው የሚከበርበት ቃል ነውና። ምዜ የደንበኞቻቸውን ሁሉ ልክ የሚጽፉበት ጠርዙ ያለቀ ሰማያዊ ደብተር አላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ተመድበን ወደዚህ ከተማ እንደ መጣን ሱሪ ለማሳጠር ወደ እሳቸው ገብተን ስለ ነበር የእኛም ስም በዚያ ደብተር ሰፍሯል። ባለፈው ወር አዲስ ሱሪ ልናሰፋ ስንሄድ ምዜ ገጹን ገለጡ፤ ሜትራቸውንም በወገባችን ዙሪያ አሳለፉና አንድ ጊዜ ደብተሩን፣ አንድ ጊዜ እኛን ተመለከቱ። በደብተሩ የተጻፈው 32 ኢንች ነበር፤ ሜትሩ የሚናገረው ግን 36 ነው።

«ብዋና፣» አሉን ሣቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «እናንተ ኢትዮጵያውያን ስትመጡ ሁላችሁም ሯጭ ትመስላላችሁ፤ ሦስተኛው ሱሪ ላይ ስትደርሱ ግን የእኛን ሰው ታክላላችሁ።»

የምዜ ቃል ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው ከአእምሯችን አልወጣ አለ። አዲስ አበባና ናይሮቢ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት መንገድ ናቸው። ሁለቱም ደጋ ከተሞች ናቸው፤ የሁለቱም አገር ስም በዓለም የሚጠራው በሯጮቹ ቅጥነት ነው። ታዲያ የአንደኛው ሰው ወገብ ከሁለተኛው ይህን ያህል የሚለየው ስለ ምንድን ነው?

ልዩነቱ መኖሩን ቍጥሩ ይመሰክራል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሐኪሞች ውፍረትን የሚመዝኑት በኪሎ ብቻ አይደለም። የሰውየውን ክብደት በኪሎ ይወስዱና፣ ቁመቱ በሜትር ተለክቶ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቍጥር ያካፍሉታል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ሰውየው ከሲታ ነው፤ 25ና ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደቱ ከልክ አልፏል፤ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ውፍረቱ እንደ በሽታ ይቈጠራል። ሒሳቡ ኬትሌ የተባለው የቤልጅግ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት ያወጣው ነው። በዚህ ሚዛን በ2014 በኬንያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከ100 33ቱ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ወይም የወፈሩ ሁነው ተገኙ። በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ግን እንዲህ የሆኑት ከ100 8 ብቻ ነበሩ። ኬንያ በ2022 እንደ ገና ብትመዝን፣ ከ20 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶቿ ከ100 45ቱ ከዚህ ውስጥ ገቡ።

ይህን ቍጥር ይዘን እሑድ ዕለት አገር ቤተኞች በሚሰበሰቡበት በአንድ ወዳጃችን ቤት ጥያቄውን አቀረብን። ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ «ደማችን ነው፤ ሐበሻ በተፈጥሮው ቀጭን ነው» አለ። ሁለተኛው «ጤፍ ነው» አለ። የቤቱ እመቤት ደግሞ ቡናውን እየቀዱ «ጾማችን ነው እንጂ!» አሉ። ሦስቱም መልሶች ደስ የሚያሰኙ ናቸው፤ ሦስቱም ያመሰግኑናልና። እኛም ደስ ስላሰኙን ጠረጠርናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ደም እንናገር። ለዚህ ክርክር ዳኛ የሚሆን አንድ ነገድ በሩቅ አገር አለ። ፒማ የሚባሉት ሕዝቦች ከፊሎቹ በአሜሪካ በአሪዞና፣ ከፊሎቹ በሜክሲኮ በሶኖራ ተራሮች ይኖራሉ። ድንበር ለሁለት ከፈላቸው እንጂ ዘራቸው አንድ ነው። በ1994 የታተመ የሐኪሞች ጥናት ሁለቱን ወገኖች ቢያነጻጽር፣ የሜክሲኮዎቹ በአማካይ 64 ኪሎ ሲመዝኑ የአሪዞናዎቹ 90 ኪሎ መዘኑ። የ26 ኪሎ ልዩነት በአንድ ዘር መካከል! የሜክሲኮዎቹ በቆሎአቸውንና ባቄላቸውን በእጃቸው እየዘሩ በተራራ ላይ የሚደክሙ ገበሬዎች ነበሩ። የአሪዞናዎቹም አባቶች እንዲሁ ገበሬዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሰፋሪዎች የጊላን ወንዝ ከላይ ጠልፈው ወሰዱባቸውና እርሻቸው ደረቀ፤ ከዚያ ወዲያ በነጭ ዱቄትና በስብ የሚኖሩ ሆኑ።

ከራሳችንም ወገን ምስክር አናጣም። በ1984ና በ1991 ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን በደረሱ ጊዜ የስኳር በሽታን እምብዛም አያውቁትም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን በመካከላቸው እየበዛ መምጣቱን የዚያ አገር ሐኪሞች ጻፉ። ደማቸውን ይዘውት ሄደው ነበር፤ ያልሄደው ማሳቸውና የእግር መንገዳቸው ነው።

እዚሁ ኬንያ ውስጥም ያው ነገር ይታያል። ሞያሌን ድንበሩ በመካከሏ ያልፍባታል፤ ቦረናው በወዲህም በወዲያም አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ አንድ ዓይነት ከብት ያረባል። ከኢትዮጵያ ጋር የሚዋሰኑት ማርሳቢትና ቱርካና የኬንያ ግዛቶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ በዚያ የከሲታ ሴቶች ብዛት ከአገሩ አማካይ እጅግ ይበልጣል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ በሁለቱም በኩል ከብቱ አልቆ ሰዉ በእርዳታ እህል ኖሯል። የማርሳቢት ሰው ከናይሮቢ ይልቅ የሚመስለው የቦረናን ሰው ነው፤ ድንበሩም ማንንም አላወፈረም፤ ማንንም አላከሳም።

ስለ ጤፍ ብዙ አንናገርም። መልካም እህል ነው፤ ነገር ግን ከመብል የሚያግድ ኃይል የለውም፤ በአንድ ማዕድ ሦስት እንጀራ የሚጠቀልል ሰው ይህን ያውቃል። ጾሙን ግን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አይገባንም። ምእመን የሚጾማቸው ቀኖች በዓመት ወደ 180 ይደርሳሉ። በገጠር ያለች እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ውላ፣ ማታ ዘይት ጠብ ያላለበት ሽሮ በልታ ስትተኛ ጾሙ በሰውነቷ ላይ ይታያል። የከተማው ጾም ግን ሌላ ነው። በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የሚቀርበውን በያይነቱ አስቡት፤ ሥጋው ቀርቷል፤ በሥጋው ምትክ ግን ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ድንቹም በዘይት ያብረቀርቃሉ። ለስላሳ መጠጥም የጾም ነው፤ ዳቦም የጾም ነው፤ ስኳርም የጾም ነው። ያን ዕለት የቤቱን እመቤት ይህን ብንላቸው፣ «እንግዲህ እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ጾማችንንም ልትመዝኑት ነው» ብለው ተቈጡን፤ ሁለተኛውን ቡና ግን አልከለከሉንም።

ሦስቱ መልሶች ከወደቁ ዘንድ የቀረው «ከተማ ነው» የሚለው ነበር። በ2016ቱ የኢትዮጵያ ጥናት ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ከተሜ ሴቶች ከ100 21 ሲሆኑ የገጠሮቹ 4 ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ ከኬንያ ይልቅ የገጠር አገር ናትና አማካዩ ዝቅ ቢል አይደንቅም ብለን ልንዘጋው ስንል የኬንያን ገጽ ገለጥን። በ2014 የኬንያ ከተሜዎች 43፣ የገጠሮቹ ደግሞ 26 ነበሩ። እዚህ ላይ እርሳሳችንን አስቀመጥን። የኬንያ የገጠር ሴት ከኢትዮጵያ የከተማ ሴት በልጣ ተገኝታለች። እንግዲያስ ነገሩ ከከተማና ከገጠር መለያየት ያልፋል ማለት ነው፤ የኬንያ ገጠር ራሱ ምን ቢኖረው ነው?

በመሥሪያ ቤታችን ከእኛ ጋር የሚሠሩ፣ ትውልዳቸው ከኒዬሪ ኮረብቶች የሆነ፣ ሁላችንም ማማ የምንላቸው አንድ ሴት አሉ። ይህን ጥያቄ ያቀረብነው ለእሳቸው ነው። ማማ መልሳቸውን የጀመሩት ከአያታቸው ነው። አያታቸው ጧት የዳጉሳ አጥሚት ይጠጡ ነበር፤ ቀን ስኳር ድንችና በቆሎ ከባቄላ ጋር የተቀቀለበትን ጊዜሪ ይበሉ ነበር። ዱቄቱን ራሳቸው ይፈጩ፣ እንጨቱን በጀርባቸው ይሸከሙ፣ ውሃውን ከወንዝ ይቀዱ ነበር። «አያቴ ዘይት የሚባል ነገር ከቤታቸው አልነበረም፤ ሻይም በእንግዳ ነበር» አሉን።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ መጣ። በቅኝ ግዛት ዘመን ቡናና ሻይ መትከል ለነጮች ሰፋሪዎች የተጠበቀ ነበር፤ በ1954 የወጣው የስዊነርተን ዕቅድ ለአፍሪካውያኑ ገበሬዎች በሰፊው ከፈተው። በ1964 ደግሞ የትንንሾቹን ሻይ ተካዮች ቅጠል እየሰበሰበ የሚሸጥ የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ። የሻይ ቅጠል ዓመት እስኪደርስ አያስጠብቅም፤ በየጊዜው ይለቀማል፤ ገበሬውም በየወሩ ገንዘብ ያያል። ገንዘብ ባለበት ዱካ አለ፤ ዱካ ማለት ሱቅ ነው። በዱካው መደርደሪያ ላይ ስኳር፣ ነጭ ዳቦ፣ የታሸገ ዱቄትና በቆርቆሮ የተሞላ የምግብ ቅቤ ተደረደሩ። ወፍጮ በየመንደሩ ቆመ፤ ዛሬም ለአጭሩ መንገድ እንኳ ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት በራፍ ላይ ይመጣል። የማማ እናት ከአያታቸው ይልቅ አረፉ፤ ጥሩም ኖሩ፤ እሳቸውም ከእናታቸው ይልቅ አረፉ። «እኔ ግን» አሉ ማማ የቢሮ ወንበራቸውን እየመቱ፣ «ከዚህ ወንበር የምነሣው ለምሳ ብቻ ነው።»

ሻዩን ለብቻው እንየው። በኬንያ ሻይ የሚፈላው ከወተት ጋር ነው፤ ስኳሩም ብዙ ጊዜ አብሮ ይፈላል። በአንድ ኩባያ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ 13 ግራም ያህል ነው፤ በቀን ሦስት ኩባያ የሚጠጣ ሰው ወደ 40 ግራም፣ በዓመት ወደ 15 ኪሎ ስኳር ከሻይ ብቻ ይወስዳል። ኬንያ በዓመት የምትፈጀው ስኳር ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝቧ ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ20 ኪሎ አይርቅም። በእኛ አገር በብዙ ገጠር ቡና የሚጠጣው በጨው ነው፤ በከተማም ቢሆን ስኳር ለረጅም ዘመን ከሸማቾች ማኅበር በወረፋ የሚገኝ ነገር ሁኖ ኖሯል። ይህን ወረፋ ስንረግም የኖርን ሰዎች ጤናችንን ይጠብቅልን እንደ ነበር አላወቅንም፤ ብናውቅም ኖሮ መርገማችንን አንተውም ነበር።

ማዕዱም የራሱ ታሪክ አለው። የኬንያ ዋና ምግብ ኡጋሊ ከበቆሎ ዱቄት ይሠራል። በቆሎ ከአሜሪካ ተነሥቶ በፖርቱጋሎች ወደ ባሕሩ ዳርቻ የደረሰ እንግዳ እህል ነው። ነጮቹ ሰፋሪዎች በሰፊው ዘርተው ለሠራተኞቻቸው ዱቄቱን እንደ ቀለብ ስለ ሰፈሩላቸው ዳጉሳንና ማሽላን ከማዕድ አስለቀቀ። ቻፓቲም እንዲሁ እንግዳ ነው። ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን የምድር ባቡር ለመሥራት ወደ 32,000 የሚሆኑ ሕንዶች መጡ፤ ናይሮቢም ራሷ በ1899 ሐዲዱ በደረሰበት ረግረግ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ዛሬ በመንገድ ዳር በዘይት የሚጠበሰው ማንዳዚ፣ ቻፓቲና ድንች ጥብስ ለሠራተኛው ሕዝብ ርካሹ ምሳ ነው። ሕዝቡ ካዶጎ የሚለው አሻሻጥም አለ፤ ትንሽ ትንሹን ማለት ነው። አሥር ሽልንግ የያዘ ሰው የአሥር ሽልንግ ዘይት ተሰፍሮ ይሰጠዋል። እንግዲህ ውፍረት የባለጸጋ በሽታ ነው የሚለው ቃል በዚህ ከተማ አይሠራም።

ስለ ትልልቆቹ ገበያዎችም በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የጀርመን ሊቃውንት በኬንያ ሦስት ትንንሽ ከተሞችን መረጡ። በኦል ካሉ ከ2002 ጀምሮ ሱፐርማርኬት ነበረ፤ በምዌያ በ2011 ገና ተከፍቶ ነበር፤ በንጃቢኒ ምንም አልነበረም። ሰዎቹን ቢመዝኗቸው፣ ከሱፐርማርኬት የሚገዙት አዋቂዎች ክብደታቸው በልጦ ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚጠብቀው ነው። ነገር ግን ከዚያው ገበያ በሚገዙት ቤቶች ያሉት ልጆች ቁመታቸው የተሻለ ነበር፤ ቀጫጭነታቸው ቀንሶ ነበር። አባቱን ያወፈረው መደርደሪያ ልጁን አሳደገው ማለት ነው። ይህን ካነበብን ወዲህ ሱፐርማርኬትን በደፈናው መንቀፍ አቁመናል።

ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ የምናገኘው ግን ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት የኢትዮጵያ ሴቶች ከ100 22ቱ፣ ወንዶች ደግሞ ከ100 33ቱ ከሲታ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከ100 38ቱ ለዕድሜያቸው ቁመት አልደረሱም። እሑድ ዕለት በቡና ላይ የተመካንበት ቅጥነት ከዚህ ጋር አንድ ላይ የተመዘነ ነው። የአገራችን አማካይ ዝቅ ያለው ስላወቅንበት ብቻ ሳይሆን ስላጣንም ነው።

በልጅነታችን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት መነኵሲት በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያና መጨረሻ በብረት ሚዛን ላይ እያቆሙ ይመዝኑን ነበር። ሁለት ኪሎ የጨመረ ልጅ ራሱን ይዳብሱታል፤ የቀነሰውን በጠዋቱ ገንፎ ላይ ተጨማሪ ጭልፋ ያዙለታል። መወፈር በዚያ ቤት መዳን ነበር። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ዓድዋ ያሉት እናታችን ስልክም ባንክም ተዘግቶባቸው ብዙ ወራት ድምፃቸውን ሳንሰማ ኖርን። በኋላ ስናገኛቸው ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ በክር አስረውት ነበር። ባለፈው ፋሲካ ይህን የናይሮቢ ሆዳችንን ይዘን ቤታቸው ብንገባ እጃቸውን አንሥተው «ረጒድካ!» አሉን፤ በትግርኛ ወፈርክ ማለት ነው። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አይተን ሐኪም ስለ ስኳራችን የነገረንን አልነገርናቸውም።

ይህ የእናታችን ብቻ አይደለም። ሐበሻ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲገናኝ «ሥጋ አውጥተሃል፤ ተስማምቶሃል» ይላል፤ ያዘነለትን ደግሞ «ምነው ከሳህ?» ይለዋል። ማማም በአንድ ወቅት ክብደት ለመቀነስ ሞክረው ነበር። አምስት ኪሎ ሲቀንሱ ጎረቤቶቻቸው ሊጠይቋቸው መጡ፤ ታመው መስሏቸዋል። በዚህ ክፍለ አህጉር ኤድስ በተነሣበት ዘመን በኡጋንዳ የበሽታው ስም ስሊም ነበር፤ ይኸውም ቀጭን ማለት ነው። ቅጥነት የሞት ስም በሆነበት አገር ውፍረት የጤና ምልክት ቢሆን ማን ይፈርዳል?

ረኃብና ውፍረት ተቃራኒዎች ይምሰሉ እንጂ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊከታተሉ ይችላሉ። በ1944 ክረምት ጀርመኖች የእህሉን መንገድ ዘግተው የሆላንድን ከተሞች ባስራቡ ጊዜ ብዙ ሴቶች ነፍሰ ጡር ነበሩ። ረኃቡ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት የደረሰባቸው ወንዶች ልጆች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲመዘኑ ከሌሎቹ ይልቅ የወፈሩት በዝተው ተገኙ። በጥጋብ ዘመን ነበር ያደጉት፤ ሰውነታቸው ግን የረኃቡን ትምህርት አልረሳም ነበር። ከ100 38 ሕፃናት ቁመት ያልደረሱባት አገር ልጆቿ ነገ ከተማ ገብተው በወንበር ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚጠብቃቸው ስናስብ ያስፈራናል።

መቼም ስለ ሰው ገበታ ይህን ያህል ከተናገርን የራሳችንን መሸሸግ አይገባንም። ባለቤታችን አምስት ሊትር ዘይት ገዝታ ስትከፍት ቀኑን በጀሪካኑ ላይ ጻፈችበት። በሃያ አንደኛው ቀን አለቀ። አምስት ነፍስ ነን፤ ለአንድ ሰው በቀን 48 ሚሊ ሊትር ያህል ይደርሰዋል፤ ይህም ወደ 400 ካሎሪ ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,400 ይበቃዋል ብንል ስድስተኛውን ክፍል ገና እንጀራ ሳይቈረስ በዘይት ጨርሰነዋል። ለዚህ ምክንያቱ ስስት አይደለም። ወጥ የሚመሰገነው ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ነው፤ እንግዳ የመጣ እንደ ሆነማ የዘይቱ ልክ የአክብሮቱ ልክ ነው። አገር ቤት ሳለን ዘይቱ ውድ ስለ ነበር ቀይ ሽንኵርቱ ብዙውን ጊዜ በራሱ ውሃ ይበስል ነበር። እዚህ ግን ገበያው በቀረበን መጠን እጃችን ተፈታ። አሁን ባለቤታችን በጭልፋ መስፈሩን ትታ በማንኪያ መስፈር ጀምራለች፤ ጀሪካኑም ሁለተኛ ወሩን ይዟል። በመጀመሪያው ሳምንት ሽሮው ሆድ አስብሶን ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ ረሱት፤ እኛ ግን ገና አልረሳነውም።

መንገዱም ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ከቤታችን እስከ ታክሲው ሰልፍ ዳገት ነበር፤ ከታክሲው እስከ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ዳገት፤ ጧትና ማታ አንድ ሰዓት ሳናስበው እንራመድ ነበር። እዚህ የመሥሪያ ቤት መኪና ከበር ያነሣናል፤ በር ላይም ያወርደናል። በናይሮቢ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም ማለታችን አይደለም። ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ፋብሪካው ሠፈር የሚጐርፈውን ሕዝብ ላየ ሰው ከተማው ሁሉ እግረኛ ይመስለዋል። የምንናገረው ወንበር ስለ ደረሰን ስለ እኛ ነው።

አዲስ አበባም ቢሆን ከዚህ መንገድ ውጭ አይደለችም። በ2000 በአገራችን ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች ከ100 3 ነበሩ፤ በ2016 8 ሆኑ፤ ከተሜዎቹም 21 ላይ ደርሰዋል። ኬንያ በ2008ና በ2009 በተደረገው ጥናት 25 ላይ ነበረች፤ 45 ላይ ለመድረስ የፈጀባት አሥራ አራት ዓመት ገደማ ነው። የእኛ ከተሜዎች ኬንያ ትናንት ከቆመችበት ደጃፍ ላይ ቆመዋል። መንግሥት በ2020 ባወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በለስላሳ መጠጥና በሚረጋ ዘይት ላይ ቀረጥ መጣሉን፣ በቅርብ ዓመታትም የዋና ከተማው የእግረኛ መንገድ መስፋቱን ባለሥልጣኖቹ ለጤና ብለውም ሆነ ለሌላ ምክንያት ያድርጉት፣ እኛ ስለ ጤና ቈጥረንላቸዋል። ቀረጥ ግን እናት ማዕድ ላይ «አንድ ጊዜ ጉረስልኝ» ስትል አይደርስም፤ እምቢ የሚልም ልጅ ገና አላየንም።

ባለፈው ቅዳሜ ሱሪያችን ደረሰና ልንወስደው ሄድን። ምዜ ወገቡን ልክ 36 አድርገውታል፤ ስፌቱም እንደ ልማዳቸው የተዋበ ነው። ገልብጠን ብናየው ግን ከኋላ በስፌቱ ውስጥ ሁለት ኢንች ያህል ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ቀርቷል። «ምዜ፣ ይህስ ምንድን ነው?» ብንላቸው፣ «ለሚመጣው ዓመት ነው ብዋና፤ ያን ጊዜ መፍታት ብቻ ነው፤ ገንዘብ አላስከፍልህም» አሉን፤ ደብተራቸውንም ከፍተው ከ32 አጠገብ 36 ብለው ጻፉ። አመስግነን ወደ ቤታችን ገባን። ባለቤታችን ሱሪውን ለመተኰስ ስትገለብጥ ትርፉን ጨርቅ አገኘችው፤ ነገሩን ነገርናት። ምንም አልመለሰችልንም፤ ትንሹን ልጅ ጠርታ መቀስ እንዲያመጣላት ላከችው።